የተረፈች ዳዶ

ከጎሃ ቁልቁለት፣ ካቴናው ቢበጠስ
ስገፋው ወረድኩኝ፣ ሳሙና በር ድረስ።
አላፊ አግዳሚው፣ "መምህርት፣ ምነው?" ይላል፤
"ደሞ ባንቺ ብሶ፣ ሰው ሳይክል ያዝላል?"

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በተበላሸ ቁጥር
ለአዛናው ሰጥቼ፣ ዳር ቆሜ ብር ስቆጥር፣
እጁ የሚሠራውን አይቼ አላውቅም፤
"አለቀ" ሲል እንጂ፣ ዞሬ አልመለከትም።

ያን ቀን ግን አዛናው፣ ከቆርቆሮው ደጅ ላይ
ተቀምጦ አገኘሁት፣ እያየኝ የማያይ።
"ሞራ ነው" አለኝ፤ "ሐኪሙ ለጥቅምት ቀጥሮኛል፤
እስከዚያ ጆሮዬ፣ ለመኖር ይበቃኛል።"

ሳይክሌን አስጠጋሁ፤ በግራሶ ጣቱ
ጎማውን አሾረው፣ ዘንበል ብሎ አንገቱ፤
"ኩሽኔታው ደርቋል፤ የኋላው ፍሬን ሳስቷል፤
ካቴናው ጨዋ ነው፣ ሊሄድ ሲል ተናግሯል፣
ወር ሙሉ ሲንኳኳ፣ ሰሚ ጆሮ አጥቷል።"

መፍቻውን ዘረጋ።
"ለኔ?" አልኩት።
"ታዲያ ለማን? ረዳቴን ባጃጅ አሳብዶት፣ አዘዞ ነው የሚውል፤
እኔ ልናገር፣ አንቺ ፍቺ፤ ከሁለታችን አንድ ሙሉ ሰው አይጎድል።"

"ፍቺ" ሲለኝ ሣቅኩኝ። አንዴ ፈትቻለሁ፤
የፈታሁትን ግን፣ መግጠም ረስቻለሁ።
እሱ አልጠየቀኝም። ጆሮው ግን ዘንበል ብሏል፤
ሰው ሲንኳኳም ይሰማል።

ዳዶ በግራ ይፈታል፣ በቀኝ ይጠብቃል፤
ይህን ሕፃን ያውቃል።
የግራው ፔዳል ግን፣ ብታገለው፣ ብታገለው፣
የባሰውን ጠበቀ፤ ጣቴን ላጠው።
"አይ መምህርት!" አለኝ፤ "እሱ ዐመሉ ሌላ ነው፤
ሌላው በሚጠብቅበት ነው፣ እሱ የሚፈታው።"
ሃያ ዓመት ሒሳብ፣ አስተምሬ አስተምሬ
ግራ የገባኝ፣ በግራ ፔዳል ነው ዛሬ።

በቲማቲም ጣሳ፣ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፌ፣
በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ፣ ጭቃውን አራግፌ፣
የክረምቱ ደለል፣ የቀሃ አሸዋ፣ የሽንታ ድንጋይ ብናኝ
ወርዶ ከታች ተኛ፤ የሄድኩበት ሁሉ፣ ከጣሳው ሥር አየኝ።
ብዮቹን ቆጠርኩኝ፣ ዘጠኝና ዘጠኝ፤
አንዷ ወደ ቦዩ ተንከባላ ስታመልጠኝ
ሊስትሮው ልጅ በጫማው ረግጦ አስቀረልኝ።

"ሽቦውን እየመታሽ ስሚው" አለ፤ "የጠበቀው ይጮኻል፤
የላላው ቂመኛ ነው፣ ዝም ብሎ ጎማ ያጣምማል።
ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር፤ ከሩብ አትለፊ፤
ችኩል እጅ ይበጥሳል፤ ሲደክምሽ እረፊ።"

መሸ። የአራዳ መብራት ሄዶ መጣ።
ገጠምኩ። ዞረ። ፍሬኑ ያዘ፣ ካቴናው ከጥርሱ ሳይወጣ።
አንዲት ዳዶ ግን ተርፋ፣ ከጨርቁ ላይ አገኘሁ፤
ከየት እንደመጣች፣ ሦስቴ ዞሬ ፈለግሁ።

"አዛናው፣ ዳዶ ተረፈ።"
ዳበሳት፤ አሸተታት፤ ሣቀ፣ እስኪያስለው።
"የማን ናት?"
"እኔ እንጃ። ቁልቁለቱ ያውቃል፤ እሱን ጠይቂው።"

"ስንት ነው?" አልኩኝ፣ ልማድ ሆኖብኝ።
"ማን ለማን ይክፈል?" አለ፤ "የጋዙን ብቻ ስጪኝ።"

ሰኞ ክፍል ስገባ፣ ጥፍሬ ሥር ጥቁር ነበር፤
ልጆቹ ተንሾካሾኩ፣ ነጩ ጠመኔ ላይ አውራ ጣቴ ታትሞ ሲቀር።
አላስለቀቅኩትም።

ዛሬም ከጎሃ ቁልቁል፣ ንፋስ ደረቴን ሲሞላ
እሰማለሁ፦ መጀመሪያ የፊቱን ጎማ፣ ካቴናውን፣ ከዚያ የኋላ።
ዳዶዋ ኪሴ ውስጥ፣ ከቤት ቁልፌ ጋር ትንኳኳለች፤
አንድ ቦታ ጎድላለች።
የት እንደሆነ አልነገረችኝም።
ጥቅምት ገና ነው።